ዳማ በአዋሽ ኬላ

ትርሲት ወልደሰንበት ውሻዋን ይዛ ለመንገድ ስትነሳ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሽንት ቤት መግባት ነበር። ቀጥላ ውሻዋን አውርዳ አሸናች። በ2086 ዓ.ም. ኬላ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የሚቁነጠነጥ ወይም የሚያጉረመርም ፍጡር፣ ሰውም ይሁን ውሻ፣ ይመዘገባል። ውሻዋ ዳማ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች፤ አንዴ ቃሊቲ መውጫ ላይ፣ አንዴ ሰበታ።

ሦስተኛው ምዝገባ ማለዘቢያ ያስገባል።

ማለዘቢያ ምን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የጎረቤቷ የአቶ ደስታልኝ ውሻ አምና ገብቶ በአራተኛው ቀን ተመልሷል። ታጥቦ፣ ጥፍሩ ተቆርጦ፣ ጤንነቱ በወረቀት ተረጋግጦ ነው የመጣው። ይበላል፣ ይተኛል። ጭራውን ለአቶ ደስታልኝም፣ ለሊፍቱም፣ ለግድግዳውም እኩል ይቆላል። አቶ ደስታልኝ ለትንሽ ጊዜ ስሙን እየጠሩ ሞከሩትና ተዉት። አሁን ሲያወጡት «ና እስቲ» ነው የሚሉት።

ዳማ ያረገዘች ባትሆን ኖሮ ትርሲት ከቤት ይዛት ባልወጣች ነበር። ሐኪሙ አምስት ቡችላ ቆጥሮ «ሳምንት ቢቀራት ነው» ብሏል። በኮንዶሚኒየሙ ደንብ አንድ ቤት የሚፈቀድለት አንድ ውሻ ነው፤ የምትወልድ ከሆነች ሳትወልድ ትውጣ ይላል። የለዘበች ውሻ ደግሞ ቡችሎቿን አታጠባም። አትነክሳቸውም፣ አትገፋቸውም፤ አጠገባቸው ተኝታ ዝም ብላ ታያቸዋለች። ይህን ትርሲት ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ አላገኘችም።

የተገኘው መላ ቡታጅራ ነው። ታናሽ እህቷ እልፍነሽ እዚያ ግቢ አላት። ከአዋሽ ድልድይ ማዶ ያለው አገር ገና የምዝገባው ደንብ ውስጥ አልገባም፤ ውሻ እንዳሻው ይጮኻል፣ ዶሮም እንዳሻው። በመሀል ያለው አንድ ኬላ ብቻ ነው።

«እታለም፣ ቤቷን ጨርሻለሁ» አለች እልፍነሽ ያን ጠዋት ስትደውል። «ጭድ ጎዝጉዤ፣ በሩን ወደ ፀሐይ አዙሬ እየጠበቅኳት ነው።»

«እሷን ነው ወይስ እኔን?»

«አንቺማ ሶፋ አለሽ። ስሚ፣ ቡችሎቹን አከፋፍያቸዋለሁ። አራቱ ባለቤት አግኝተዋል።»

«ገና ሳይወለዱ?»

«ቀድሜ ካልነገርኳቸው ጎረቤት ይቀየመኛላ።»

ትርሲት ሳቀች። ስትስቅ ዳማም ጭራዋን ወለሉ ላይ መታች። ሆዷ ክብድ ብሎ፣ ዳማ መልኳ በጠዋቱ ብርሃን አምሮ፣ እመቤት መስላ ነበር። ትርሲት ቀስ ብላ ደግፋ ከኋላ ወንበር ላይ አወጣቻትና በውሻ ቀበቶ አሰረቻት። ቀበቶውን ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው።

ነገሩ ሁሉ በሥልጠናው መሠረት ነው። ወረዳው ውሻ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ሁሉ የሁለት ቅዳሜ ሥልጠና ይሰጣል፤ ትርሲትም ወስዳ ምስክር ወረቀቷን ቡፌው ውስጥ አቁማዋለች። አሠልጣኙ ናሆም የሚባል ንጹሕ ልጅ ነበር፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገርም። መኪናው ሲቆም እጃችሁ ዳሽቦርድ ላይ ይሁን፣ ጣታችሁ ይታይ። መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይከፈት፤ ሦስት ጣት ከሆነ አፍንጫ ይወጣል፣ አፍንጫ ከወጣ ጥርስ ይከተላል። ውሻ መኖሩን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ወረቀት ከኪሳችሁ ለማውጣት ካሰባችሁ ከማውጣታችሁ በፊት አስታውቁ። ወደ ውሻው ዞር አትበሉ፣ ዞር ያለ ሰው የደበቀው ነገር አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አለ ናሆም፣ ለተጠየቃችሁት ብቻ መልሱና ዝም በሉ። ዝም አይነቅዝም። አዳራሹ አጨበጨበለት፤ ትርሲትም አጨበጨበች።

መኪናው የኪራይ ነው፤ እንደ መኪና ሁሉ ራሱን ይነዳል። ዓለም ገናን አልፎ ወደ ለመን ከተማ ሲያቀና ኅዳር በግራና በቀኝ ተዘረጋ። ጤፉ ከፊሉ ታጭዷል፣ ከፊሉ ተኝቷል። ትርሲት ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት ሰው መኪና በሚነዳበት ዘመን ሚኒባስ ላይ ያሳለፈች ናት። እጇ አሁንም መሪ ይፈልጋል። መሪ ስለሌለ ስልኳን ጨበጠች፣ እሱንም አስቀመጠች፣ መጨረሻ ላይ ከዳማ ጋር ማውራት ጀመረች።

«አየሽ ያን ማሳ? አንቺ እዚያ ውስጥ ብትገቢ ጆሮሽ ብቻ ነው የሚታይ። ልጆችሽ ደግሞ ጭራሽ አይታዩም። እልፌ ስትፈልጋቸው ቀኑ ይመሽባታል።»

ዳማ ቀበቶው እስከፈቀደላት አንገቷን አርዝማ አገጯን ትርሲት ትከሻ ላይ አሳረፈች። ምራቋ ነጠላውን አራሰው። ትርሲት አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ደስታ ደረቷን ሞላው። እንግዲህ እንዲህ ሆነን ቡታጅራ እንገባለን አለች በልቧ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አዋሽ ድልድይ ሊቃረብ ሲል መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ለፍተሻ ተመርጠዋል» አለ፣ ሎተሪ እንደደረሳት ሁሉ ደስ ባለው ድምፅ። ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩንም አጠፋ።

ትርሲት ትከሻዋን ከዳማ አገጭ ሥር አወጣች። መስኮቱን ለካች፤ ሁለት ጣት። እጆቿን ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋች። ከፊት ለፊቷ መንገዱ ዳር ሕዝቡ ጉርጥ የሚለው መሣሪያ ተጎልቷል፤ አጭር፣ ሰፊ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ መብራት የበራለት። ከጎኑ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። የራስ ቁሩ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፤ ጥቁር መስታወት ብቻ ነው የሚታየው። መኪናው መስኮት ጋ መጥቶ ቀጥ አለ።

«ቁጥር።»

መኪናው ቁጥሩን ተናገረ።

«ተሳፋሪ።»

«አንድ ሰው፣ አንድ ውሻ» አለች ትርሲት። «ውሻዋ ከኋላ ናት፣ ታስራለች። እርጉዝ ናት። እጄ ዳሽቦርድ ላይ ነው።»

ፖሊሱ ዝም አለ፤ እሷም ዝም አለች። ፍተሻው አንድ ደቂቃ ነው፤ ጉርጡ ቀስ ብሎ ከመኪናው አፍንጫ እስከ ኋላው ይቃኛል። ሁሉም ነገር እንደ ተጻፈው ነበር። ናሆም ቢያያት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳሌ ያደርጋት ነበር።

አሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል እንደሄደ ዳማ አጉረመረመች። በጣም ዝቅ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ትርሲት ከጆሮዋ ይልቅ በወንበሯ ሰማችው። የጉርጡ መብራት ወደ ቢጫ ተቀየረ።

«ተሳፋሪ ሁለት፣ የማስፈራራት ድምፅ አሰምታለች» አለ መሣሪያው። «ሠላሳ ሴኮንድ ይሰጣል።»

በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ካላቆመች ትመዘገባለች። ከተመዘገበች በሩ ይከፈታል፣ ቀበቶው ይፈታል፣ ዳማ በዚያው ትወሰዳለች። ትርሲት ዞር ብላ «እሽ፣ እሽ የኔ እናት» ልትላት ፈለገች፤ ዞር ማለት ደግሞ ራሱ ያስመዘግባል። የቀራት የኋላ ማሳያ መስታወቱ ብቻ ነበር። ዓይኗን ብቻ አንስታ በመስታወቱ አየቻት።

ዳማ ፖሊሱን አይደለም የምታየው። የምታየው የትርሲትን ማጅራት ነው። ጆሮዋን አቁማ፣ ግንባሯን ሰብስባ፣ አንድ ነገር እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ምን ነው የምትጠብቀው? ትርሲት የቤቷ በር ትዝ አላት። በዚያ በር ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንደኛው ሲመጣ ትርሲት «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ እናታቸውስ፣ ያ ያመማቸው ሰውዬ ተሻላቸው ወይ» እያለች ደጃፉ ላይ ታቆየዋለች። ያ እንግዳ ነው፤ ገብቶ ይቀመጣል፣ አጥንትም ከሱ ነው የሚገኝ። ሌላው ሲመጣ ትርሲት ዝም ትላለች፣ እሱም ዝም ይላል። ያ የደንብ ተቆጣጣሪ ነው፤ ዳማ የምትጮኸውም በሱ ላይ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ዳማ ግን ከመጮኋ በፊት የባለቤቷን አፍ ትሰማለች። ቃሊቲም ሰበታም ላይ ትርሲት በሥልጠናው መሠረት ድርቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው። ያስመዘገበቻት እሷው ራሷ ናት።

ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሰላም መባባል እንዲህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ሰላምታ እንዳይለዋወጥ ከታዘዘ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አንድ ቡድን ተቀምጦ አገሪቱ በቀን ስንት ሰዓት «እንደምን አደራችሁ» በማለት እንደምታጠፋ አሰላ፤ ቁጥሩን ያየ ሁሉ ደነገጠ። መጀመሪያ ሰው ተሳለቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ለመደው። አሁን የመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ጤና ይስጥልኝ» ያለን ሰው ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ በዓይኑ ይበላዋል።

«ሃያ ሁለት ሴኮንድ» አለ ጉርጡ።

«እንደምን አደርክ ልጄ?» አለች ትርሲት።

ጥቁሩ መስታወት አልተንቀሳቀሰም።

«አላስፈላጊ ንግግር» አለ መሣሪያው።

«እንደምን አደርክ? ደህና ነህ ወይ? ቤት ሰላም ነው?» ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘ። «እናት አባትህ እንደምን ናቸው? ብርዱስ እንዴት ያደርግሃል እዚህ ሜዳ ላይ?»

«አሥራ አምስት ሴኮንድ።»

የራስ ቁሩ ወደ ጉርጡ ዞረ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። ሰውየው አንድ እግሩን አንስቶ ሌላው ላይ አሳረፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ አገር ያደገ ሰው እናቱን የምታህል ሴት «እንደምን አደርክ» ብላው ዝም ማለትን የሚማረው ሲቀጠር ነው። ከዚያ በፊት የተማረው ሌላ ነው፣ እሱም ሥሩ ጥልቅ ነው።

«ሰላምታ የእግዜር ነው ልጄ» አለች ትርሲት። «መቅጫ ካለው እኔን ቅጣኝ።»

«አሥራ አንድ ሴኮንድ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ከራስ ቁሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ከሁሉ በላይ የደነገጠው ባለድምፁ ራሱ ነበር። እጁ ወደ አገጩ ሄደ፣ መቆለፊያውን ፈታ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ። ከውስጡ የወጣው በላብ የራሰ፣ ጢሙ ገና ለመብቀል እየሞከረ ያለ የሃያ አምስት ዓመት ፊት ነው። ጎንበስ አለ። «እርስዎስ እንደምን አደሩ፣ እናቴ?»

«ይመስገን፣ ይመስገን። እናትህስ?»

«ደህና ናት። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል።»

«ኧረ ጉልበትስ እኔንም አላስቀመጠኝ። ደረጃ ትወጣለች?»

«አራተኛ ፎቅ ነን። ሊፍቱ ከሠራ አትወጣም።»

«የኛም እንደሱ ነው።»

ከኋላ ያለው ማጉረምረም ከሆድ ወደ ጉሮሮ ወጣ፣ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሆኖ አለቀ። የወንበሩ ቆዳ ላይ ጭራ ሲመታ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ቢጫው መብራት ትንሽ ቆየና አረንጓዴ ሆነ። ሦስት ሴኮንድ ቀርቶ ነበር።

ትርሲት ግንባሯን ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አደረገች። አለቀሰች ይሁን ሳቀች ኋላ ስትጠየቅም መለየት አልቻለችም። «እሰይ የኔ እናት፣ እሰይ» ትላለች ደጋግማ፤ ለዳማ ይሁን ለራሷ እሱም አልታወቀም።

ነገር ግን የተጀመረ ሰላምታ መሀል ላይ አይጣልም። የፖሊሱ ስም ይትባረክ ነው፤ አባቱ የቡኢ ሰው ናቸው፤ የእልፍነሽ ባል ዘመዶችም ቡኢ አሉ፤ እነማን እንደሆኑ መባባል የግድ ሆነ። ሁለቱ ዝምድና ሲፈላለጉ በወሬያቸው አንድ የቆየ ሠርግ ላይ ተገናኙ፤ ይትባረክ በዚያ ሠርግ የሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ጠፍቶ ነበር፣ ትርሲት ደግሞ የሙሽራው ሚኒባስ ሹፌር ነበረች። ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ተኩል ወሰደ። ከኋላቸው መኪኖች ተሰለፉ። ማንም ጡሩምባ አልነፋም፤ መኪኖቹ አይነፉም፣ ሰዎቹ ደግሞ እጃቸው ዳሽቦርድ ላይ ነው።

«ቆይታው ከተፈቀደው አልፏል» አለ ጉርጡ። «ምክንያት ይምረጡ። የሞተር ብልሽት። ሕመም። ተቃውሞ። ሌላ።»

ይትባረክ ጥቂት አሰበና ሌላ የሚለውን ነካ።

«ያብራሩ።»

«ሰላምታ» አለ ይትባረክ።

የመሣሪያው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ትርሲት እጇን ወደ ዳሽቦርዱ መለሰች። በመጨረሻ ግን «ተመዝግቧል፤ የውሻ ምዝገባ የለም» ብሎ ወደ ቦታው ተመልሶ ተጎለተ።

ይትባረክ መስኮቱ ጋ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ዓይኑ ዳማ ላይ ነው። «መንካት ይቻላል?»

«ጣትህን አስገባ። ቀስ ብለህ፣ ታሽትህ።»

በሁለት ጣት ክፍተት ሁለት ጣቱን አሾለከ። ዳማ አንገቷን ዘርግታ አሸተተችውና ላሰችው፤ ከጣቱ ጀምራ እስከ እጅጌው የደረሰችለትን ያህል። ይትባረክ እንደ መሳቅ ብሎ መሀል ላይ ተወው።

«እዚህ ኬላ ከመጣሁ አሥራ አንድ ወር ሆኖኛል» አለ። «ስልሳ ሦስት ውሻ አስመዝግቤያለሁ። ሁሉም ተናካሽ መስለውኝ ነበር።»

ትርሲት እጇን ከዳሽቦርዱ አንስታ፣ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አውርዳ፣ ጉንጩን ነካችው። «አላወቅክም» አለችው። «እኔም ምስክር ወረቀት ይዤ አላወቅኩም።»

መኪናው እንዲሄድ ተፈቀደለት። ሞተሩ ተነሳ፣ ዳማ አገጯን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። ትርሲት እንደዛሬ ቀልሏት አያውቅም። መኪናው ሁለት እርምጃ ያህል እንደተንፏቀቀ ይትባረክ እየሮጠ መጥቶ ጣሪያውን መታ።

«እትዬ ትርሲት፣ እባክዎ አይሂዱብኝ።»

«ምነው? ተመዘገበች?»

«አይደለም። ከኋላ ሦስተኛዋን መኪና ይዩልኝ።»

ዞር ብላ አየች። ሦስተኛዋ መኪና ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እጃቸው ዳሽቦርድ ላይ፣ ጣታቸው ተዘርግቶ፣ አንገታቸው ድርቅ ብሎ። ከኋላቸው መስኮቱን ሙሉ የሞላ ጥቁር ውሻ አለ።

«እና ሂድና አናግራቸዋ» አለች ትርሲት።

ይትባረክ የራስ ቁሩን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። «መመለሱን እንጂ መጀመሩን አልችልበትም» አለ። «ቤት ውስጥ የሚጀምሩት እነሱ ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ማንም ጀምሮኝ አያውቅም።»

ትርሲት በሩን ከፍታ ወረደች። ጉልበቷ ተንቋቋ። «እሷን ቶሎ ማድረስ አለብኝ» አለች፤ ግን እየሄደች ነው የምትለው። ዳማ ከውስጥ ሆና በመስኮቱ በዓይኗ ትከተላቸዋለች፤ አልጮኸችም። ጉርጡ ከፊታቸው ቀድሞ ሦስተኛዋ መኪና አጠገብ ተጎልቷል፣ መብራቱም ቢጫ ነው።

«ያን ነገር ይዘህ አትቅረብ» አለች ትርሲት የራስ ቁሩን እያየች። ይትባረክ መሬት ላይ አስቀመጠው። «መስኮቱ ጋ ስትደርስ ጎንበስ በል። ስማቸውን አትጠይቅ፣ ቁጥር አትጠይቅ። መጀመሪያ እንዴት እንዳደሩ ጠይቅ፣ መልሳቸውን እስኪጨርሱም ጠብቅ።»

«ካልመለሱልኝስ?»

«እንደገና ጠይቃቸዋለህ።»

ጥቁሩ ውሻ ጥርሱን አሳይቷል። ጉርጡ ሃያ አለ፣ አሥራ ዘጠኝ አለ። ይትባረክ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጎንበስ አለ፣ ሁለት ጣት በተከፈተው መስኮት በኩል «እንደምን አደሩ፣ አባቴ?» አለ።

ሽማግሌው ወደ ትርሲት ተመለከቱ፣ ወደ ልጁ ተመለከቱ። አፋቸው ተከፈተ፣ መልስ ግን አልወጣም።

«እንደምን አደሩ? ደህና ነዎት ወይ?» አለ ይትባረክ እንደገና።

ሽማግሌው እጃቸውን ከዳሽቦርዱ አነሱ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉና ስለ እናቱ ጠየቁት።